ወይን ጠጁ ረድፍ

ሻርጃ፣ ሴፕቴምበር 2 ቀን 2007

ለማከብርዎት ለእትዬ ናኢማ፣

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ እርስዎን፣ ሱቅዎን፣ ክር ሊገዛ ደጃፍዎን የሚረግጠውንም ሁሉ ይጠብቅልኝ። እኔ በጣም ደህና ነኝ።

ነጋዴው ባህረዲን ዕቃ ሊጭን መጥቶ ስላገኘሁት ይህን በእሱ እጅ ልኬያለሁ። ከተምሩ ጋር በፎጣ የተጠቀለለችው፣ እንደ መጽሐፍ የምትከፈተው ትንሽ ማሽን የጌም መጫወቻ ናት። አይሳቁብኝ። የማዳሜ ልጅ አዲስ ሲገዛላት አሮጌዋን ለእኔ ሰጠችኝ፤ ይኸው ሦስት ዓመት ሥራዬን ስጨርስ ከእሷ ጋር ነው የማመሸው።

ሲከፍቷት የአበባ ቦታ ያያሉ። የእኔ ነው። ጽጌረዳ ብቻ ነው የተከልኩበት። ቀይና ነጭ ጎን ለጎን ተክለው ውሃ ሲያጠጧቸው በማግሥቱ በመካከላቸው ሮዝ ይወለዳል። ቀይና ቢጫ ብርቱካናማ ይወልዳሉ። ልጆቹን ደግሞ እርስ በርስ ሲያዳቅሏቸው ማንም ያልጠበቀው ቀለም ይመጣል። በእጅ የተተከለ ሁሉ ሥሩ ላይ ትንሽ ችካል አለው፤ በራሱ የተወለደ ችካል የለውም፤ በዚህ ይለዩታል። የማዳሜ ልጅ እንደምትለው ከሁሉ የምትከብደው ሰማያዊዋ ናት። ሰማያዊ ለማግኘት ወይን ጠጁን ትውልድ በትውልድ ማዳቀል ነው። እኔ ሦስት ዓመት ሞክሬ አልመጣችልኝም። የመጨረሻው ረድፍ፣ አጥሩ ሥር ያለው፣ ሙሉውን ወይን ጠጅ ነው፤ እሱን ውሃ ያጠጡልኝ። ከእሱ ትወጣ ይሆናል።

አሁን ሥራ በዝቶብኝ ጊዜ አጣሁ። ቁም ሣጥን ውስጥ ተዘግታ ከምትቀር ቀለም የሚያውቅ ሰው ጋ ትኑር ብዬ ነው።

ባህረዲን ሲመለስ ከበርበሬ በረንዳ በርበሬ ይላኩልኝ። ተለቅሞ ተፈጭቶ ይሁን። ምስርም ከላኩ የተለቀመ ይሁን።

ልጅዎ ሀስና


መርካቶ፣ መስከረም 14 ቀን 2000 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሀስና፣

ወአለይኩም ሰላም። ረመዳኑን አላህ ይቀበልሽ። በሰው አገር የሚጾም ጾም እጥፍ ይጻፍልሽ። እኔ አልሀምዱሊላህ ደህና ነኝ፣ ምንም አልሆንኩም።

አንቺ ልጅ፣ ምን ዓይነት ሱስ ነው የላክሽብኝ! መጀመሪያ ቀን «ይሄ የሕፃን ነገር ነው» ብዬ መደርደሪያ ላይ ወረወርኳት። ሁለተኛ ቀን ገበያ ሲቀዘቅዝ ከፈትኳት። ሦስተኛ ቀን አንድ ልብስ ሰፊ ደጃፌ ቆሞ «እትዬ ናኢማ፣ ክር!» እያለ ሲጮህ እኔ ቀይዋን ለነጩ እየዳርኩ ነበር። ሽማግሌ የምልክ ነው የመሰለኝ ወላሂ። ልጃቸው ሮዝ ሆና ብቅ ስትል እልል ልል ምንም አልቀረኝ።

አሁን የሆነውን ልንገርሽ። ሚሌኒየሙ ገባ፤ ከተማው በመብራት አሸበረቀ፤ መርካቶም ባንዲራ በባንዲራ ሆነ። እኔ ማሽኗን ስከፍት ጥጉ ላይ 2007 ይላል! ይዣት ጋሽ ቦጋለ ጋ ሄድኩ። ከሱቄ ፊት ለፊት ሰዓት የሚሠራውን ጎጃሜውን ታስታውሺው የለ? መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ አየና፣

«ናኢማዬ፣ ይቺ ዕቃ ስታለች» አለኝ።

«ምን ሆና?»

«እኛ ሁለት ሺህ ገብተን በሬ አርደን በልተናል፤ እሷ ሰባት ዓመት ቀድማ ሄዳለች። የፈረንጅ ዕቃ እንዲህ ነው፣ ይቸኩላል።»

«በል አስተካክላታ!»

አስተካከላት። አንድ፣ አንድ፣ ሁለት ሺህ ብሎ ሞላልኝ፤ መስከረም አንድ አይደል። ዋጋም እንቢ አለ፣ «የበዓል ስጦታ ነው» ብሎ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን ልጄ፣ ምን እንዳገኘው አላውቅም፣ አበባ ቦታሽ ላይ ጥጥ የመሰለ ነገር ከሰማይ ይወርዳል። መሬቱ ነጭ በነጭ ሆነ። ውሃ ባጠጣ ባጠጣ አንድም አልወለደም። ጋሽ ቦጋለን ብጠይቀው «ለሚሌኒየሙ የረጩት ይሆናል» አለኝ። አንቺ ምን ትያለሽ?

በርበሬውን ለባህረዲን ሰጥቼዋለሁ፣ ተለቅሞ ተፈጭቷል። ምስሩንም አስለቅሜዋለሁ። ግን ገረመኝ። ድሮ «ምስር ራሴ ካልለቀምኩ አይጥመኝም» የምትይ ልጅ ነበርሽ።

አክስትሽ ናኢማ


ሻርጃ፣ ኦክቶበር 20 ቀን 2007

ለእትዬ ናኢማ፣

አሰላሙ አለይኩም። ዒድዎ በሰላም እንዳለፈ ተስፋ አደርጋለሁ። አላህ ለዓመቱ በጤና ያድርስዎት። እኔ ደህና ነኝ።

ደብዳቤዎን ፋጢማ ናት ያነበበችልኝ። እሷም ከእኔ ጋር እዚሁ ቤት የምትሠራ የወሎ ልጅ ናት። ሁለታችንም በሳቅ ሞተን ማዳም መጥታ «ምን ሆናችሁ?» አለችን። እትዬ፣ ያ ጥጥ በረዶ ነው! ማሽኗ የምታውቀው የፈረንጅ ቀን ብቻ ነው። ጋሽ ቦጋለ አንድ፣ አንድ ብሎ ሲሞላ ጃንዋሪ አደረጋት፤ በእነሱ ክረምት ነው፣ በረዶ ሲወርድ ደግሞ አበባ አይወልድም። የእኛን ዘመን አቆጣጠር ለእሷ ማስረዳት አይቻልም። በፈረንጅ ወደ ዛሬው ቀን ይመልሱልኝ፣ በረዶው ይቆማል።

አንድ ነገር ላስቸግርዎት። በሚቀጥለው ሲጽፉ በወፍራም እስክሪብቶ፣ ፊደሉን ተለቅ አድርገው ይጻፉልኝ። የላኩልኝ ወረቀት ቀጭን ስለሆነ ነው።

ለአጥሩ ሥር ረድፍ አደራ።

ሀስና


መርካቶ፣ ኅዳር 5 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለልጄ ለሀስና፣

ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ ይድረስሽ። አላህ ከክፉ ዓይን፣ ከክፉ ቀን ይሰውርሽ። እኔ ደህና ነኝ። ይኸው ፊደሉን ዶሮ የሚያህል አድርጌ እየጻፍኩልሽ ነው፤ እስክሪብቶውን ከዕቃ ተሸካሚዎቹ ተበድሬ፣ ካርቶን ላይ ስም የሚጽፉበትን።

ጋሽ ቦጋለ ቀኑን መለሰው። «በፈረንጅ ነገር ሁለተኛ እጄን አላስገባም» ብሎ ምሏል። በረዶው ቆመ። ግን ልጄ፣ ማሽኗ ሰባት ዓመት ከነምናምኑ እንዳለፈ ነው የቆጠረችው! ብከፍት አረም፣ በአረም ላይ አረም። አበባ የሚባል አይታይም። መንገዱ ጠፍቷል። ልቤ ስንጥቅ አለ፤ የሰው አደራ አጠፋሁ ብዬ።

ከዚያ ምን አለፋሽ፣ ቁጭ ብዬ ማረም ጀመርኩ። አረሙ ከሥሩ ያሉትን አልገደላቸውም፤ ሸፈናቸው እንጂ። አንዱን ስነቅል አንድ አበባ ብቅ ይላል። ደንበኛ ሲመጣ እየሸጥኩ፣ ሲሄድ እያረምኩ፣ ከበሩ ጀምሬ ረድፍ በረድፍ ወደ አጥሩ ሄድኩ። ችካል ያላቸውን ያንቺን ትቼ፣ በራሳቸው የበቀሉትን ለብቻ እያደረግኩ።

ሀስናዬ፣ በሩ አጠገብ ያሉትን ረድፎች ሳይ ድሮ የደረደርሽልኝ የክር መደርደሪያ መሰለኝ። ከነጭ ጀምሮ ክሬም፣ ከክሬም ቢጫ፣ ከቢጫ ብርቱካናማ፣ እያለ ቀዩ ድረስ። አንድም አልተሳሳተም። መሃል አካባቢ ግን አንዳንዱ ተቀላቅሏል። ቢጫው ከነጩ መሃል ገብቶ አየሁት።

አጥሩ ሥር ያለውንም ጨረስኩት። እንደው ለማወቅ ያህል ልጠይቅሽ፤ እዚያ ረድፍ ላይ በእጅሽ የተከልሽው ሁሉ ወይን ጠጅ ነው? ሌላ አልቀላቀልሽበትም?

ያ ዓይንሽስ እንዴት ነው? ያ ከደጃፍ ቆሞ የክር ቀለም የሚለየው?

ናኢማ


ሻርጃ፣ ጃንዋሪ 6 ቀን 2008

ለእትዬ ናኢማ፣

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላህ። ስለዘገየሁ ይቅር ይበሉኝ፤ የዒድ አል አድሐ እንግዳ በዝቶ ነበር። እኔ ደህና ነኝ።

አረሙን ስላረሙልኝ አላህ ጀነት ያርምልዎት። አዎ፣ አጥሩ ሥር ያለው ሁሉም ወይን ጠጅ ነው። ራሴ አንድ በአንድ መርጬ ነቅዬ ያዛወርኳቸው ናቸው። ሌላ አልቀላቀልኩም። ለምን ጠየቁኝ?

በርበሬው ግሩም ነው። ሌላ አሁን የሚያስፈልገኝ የለም፤ አይላኩልኝ። ሥራ ስለሚበዛብኝ ደብዳቤም ቶሎ ቶሎ ላልጽፍ እችላለሁ፣ እንዳይቀየሙኝ።

ሀስና


መርካቶ፣ ጥር 20 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለልጄ፣

ቢስሚላህ ብዬ ጀመርኩ። ከዚህ በታች ያለውን ፋጢማ ስታነብልሽ ከአጠገብሽ ሌላ ሰው እንዳይኖር። ፋጢማ፣ ልጄ፣ አንቺም ቀስ ብለሽ አንብቢላት።

ሀስና፣ ሰማያዊዋ ወጥታለች። ከእኔ እጅ አይደለም የወጣችው። አጥሩ ሥር ባለው ረድፍ፣ በወይን ጠጆቹ መሃል ቆማለች፤ ሥሯ ላይ ችካል አላት። ያለችካል የተወለደችበትን አላውቅም፤ አንቺ ግን በእጅሽ ነቅለሽ፣ ወይን ጠጅ ናት ብለሽ እዚያ ተክለሻታል። ሦስት ዓመት የፈለግሻት አበባ እጅሽ ገብታ አላየሻትም።

መጀመሪያ ዓይኔ ነው ብዬ ማሽኗን ይዤ ወደ ደጅ ወጣሁ፣ ፀሐይ ላይ። ክር የምናመሳስለው በፀሐይ አይደል? ከዚያ ከመደርደሪያው ወይን ጠጁንና ሰማያዊውን ክር አውርጄ ከጎኗ ያዝኩት። ጋሽ ቦጋለንም ጠራሁት። «ሰማያዊ ናት» አለ። «ምን አስጠራሽኝ፣ ይሄን ለማየት ምን ይከብዳል?» አለኝ። እኔ እዚያው በርጩማው ላይ ቁጭ አልኩ።

አንቺን እኮ ነው የማውቀው። ባንኮኒዬ ኋላ ስታድጊ ልብስ ሰፊው ቁራጭ ጨርቅ ይዞ ሲመጣ ገና ደጃፉን ሳይረግጥ ክሩን አውርደሽ የምትጠብቂው ልጅ ነሽ። «ይሄኛው አይደለም፣ ጠጋ የሚለው ያኛው ነው» እያልሽ እኔን ታርሚኝ ነበር። ሰማያዊን ከወይን ጠጅ አለመለየት ላንቺ ትንሽ ነገር አይደለም። የተለቀመ ምስር የጠየቅሽኝ፣ ትልቅ ፊደል የጠየቅሽኝ፣ ማሽኗን የላክሽልኝ፣ ሁሉም አሁን ገባኝ። ወረቀቱ ቀጭን ሆኖ አይደለም፤ ፋጢማ ያነበበችልሽም ለጨዋታ አይደለም።

አልቆጣሽም። የምጠይቅሽ አንድ ነገር ነው፤ ለማዳምሽ ንገሪያት፣ ሐኪም ትይ። ለእኔ አትንገሪኝ ከፈለግሽ። ለእሷ ንገሪያት። ወጥ ቤት ውስጥ እሳትና ቢላዋ ይዘሽ ነው የምትውይው እኮ!

ዱዓዬ ከአንቺ አይለይም።

ናኢማ


ሻርጃ፣ ኤፕሪል 18 ቀን 2008

ለእትዬ ናኢማ፣

ይህን የምጽፈው ፋጢማ ነኝ፣ ሀስና እየነገረችኝ። ፊደሌ መጥፎ ነው፣ ይታገሱኝ። አሰላሙ አለይኩም ብላለች።

እትዬ፣ ደብዳቤዎን ሰምቻለሁ። ከዓይኔ ይልቅ አበባዋ ናት ያስለቀሰችኝ። (አልቅሳለች፣ እውነት ነው። ይሄን አትጻፊ ብላኝ ነበር። ፋጢማ።) ያቺን አበባ ነቅዬ ሳዛውር ትዝ ይለኛል። «ይቺ ወይን ጠጅ ጠቆር ብላለች» ብዬ ነበር።

ከጀመረኝ ሁለት ዓመት ሊሆነኝ ነው። መጀመሪያ መነጽር የቆሸሸ ይመስል ነበር፤ እኔ ደግሞ መነጽር የለኝም። ቀለም ሁሉ ሻይ የተደፋበት መሰለ። ድካም ነው እያልኩ ዝም አልኩ። የማታይ ወጥ ሠሪ ማን ያስቀምጣል? አገር ቤትስ ገብቼ ማን ላይ ልወድቅ? እዚህ የቅመም ዕቃውን ቦታ በቦታ አድርጌ፣ በማሽተትና በእጄ እየለየሁ፣ ማንም ሳያውቅ ስሠራ ቆየሁ። ፋጢማ ብቻ ታውቅ ነበር። (ምስክር ነኝ፣ ወጧ አንድ ቀን አልከፋም። ፋጢማ።)

በመጨረሻ ለማዳም ነገርኳት። ያን ጊዜ ሻንጣዬን በልቤ ጠቅልዬ ጨርሼ ነበር። ከዚያ «ጫማሽን አድርጊ» አለችና ራሷ መኪና ነድታ ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። በሁለቱም ዓይኔ ሞራ ነው አሉ። በዚህ ዕድሜዬ ለምን እንደመጣ አያውቁም፤ ለአንዳንድ ሰው እንዲሁ ይመጣል አሉ። በቀዶ ጥገና ይነሳል አሉ። ማዳም «ከፈለግሽ እዚህ፣ ከፈለግሽ አገርሽ ሄደሽ ታክመሽ ነይ» ትላለች።

እኔ ፈራሁ፣ እትዬ። አሁን ጥላ ጥላ አያለሁ። ሰው መጣ፣ ሰው ሄደ አያለሁ። ቢላዋ ነክቶት ጭራሽ ቢጠፋስ? ያለኝን ይዤ ብቀመጥ አይሻልም? ማዳም መልስሽን ንገሪኝ እያለች ነው፤ እኔ እርስዎ የሚሉኝን ነው የምጠብቀው።

ሀስና፣ በፋጢማ እጅ


መርካቶ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለልጄ ለሀስና፣

የዓይንሽን ብርሃን የሰጠ አላህ መልሶ ይስጥሽ። ለማዳምሽም ለልጆቿም ረጅም ዕድሜ። ለፋጢማ ደግሞ አንድ ጥቅል የሐር ክር ልኬላታለሁ፣ የፈለገችውን ታስጠልፍበት።

ደብዳቤሽን እንዳነበብኩ ጋሽ ቦጋለ ጋ ሄድኩ፤ እሱ ነው የሰፈሩ ሁሉ አማካሪ። «ጋሽ ቦጋለ፣ የዓይን ሞራ የሚባለው ነገር በቢላዋ ሲነካ ምን ይሆናል?» አልኩት።

የሚሠራውን ሰዓት አስቀመጠ።

«ማን ነው የጠየቀሽ?»

«ሀስና።»

«ያቺ በረዶ ያስወረድኩባት?»

«እሷው።»

ቀና አለና በጣቱ የግራ ዓይኑን የታችኛውን ቆብ ሳብ አደረገልኝ። «ግቢልኝ፣ ጠጋ በይ። ይሄ የተሠራ ነው። ያኛውም የተሠራ ነው። ሦስት ዓመቱ። ያኔ ሱቁን ዘግቼ ‹ጎጃም እናቴ ጋ ሄድኩ› ያልኳችሁ እዚሁ ዓይን ሐኪም ቤት ነበርኩ።»

«ለምን ደበቅከን?»

«የማያይ ሰዓት ሠሪ ማን ሰዓቱን ያምነዋል?»

አየሽ፣ ልክ እንደ አንቺ ነው ያለኝ፣ ቃል በቃል ማለት ይቻላል። ከዚያ በመቆንጠጫ ከእንክርዳድ የምታንስ የሰዓት ጥርስ አንስቶ «ይህን የሚያይ ዓይን ነው የሰጡኝ፤ ትምጣ በያት። እኔ ራሴ ይዣት እሄዳለሁ፣ በሩንም ሐኪሙንም አውቃቸዋለሁ» አለኝ። አብሬው ሄጄ ጠይቄ መጥቻለሁ። አንዱን ዓይን ሠርተው፣ ሲድን ሌላውን ነው። ቀጠሮ አስይዤልሻለሁ። ሐኪሙ መቶ በመቶ አላለኝም፣ አልዋሽሽም። «አብዛኛው ያያል» ነው ያለኝ። እኔም ያንኑ ነው የምነግርሽ።

ማን ላይ ልወድቅ አልሽ። ፍራሹ ተነጥፏል። ከመርካቶ ጩኸት ጋር ነው ብቻ።

ባህረዲን በግንቦት መጨረሻ ይመለሳል፤ ከእሱ ጋር ነይ። ቦሌ ስትደርሺ እኔን በልብሴ ቀለም አትፈልጊኝ፤ ዝም ብለሽ ቁሚ፣ እኔ ስምሽን እጠራለሁ።

አክስትሽ ናኢማ


መርካቶ፣ ሐምሌ 9 ቀን 2000 ዓ.ም.

ወራቤ፣ እህትዎ ቤት ላሉት ለእትዬ ናኢማ፣

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። እህትዎን፣ ጎረቤቱን፣ ዝናቡንም ጭምር ሰላም ይበሉልኝ። ይህ የራሴ ጽሑፍ ነው፤ በቀጭን እስክሪብቶ፣ መስመሩን ሳልስት። ዛሬ ጠዋት ሁለተኛውም ዓይኔ ላይ የነበረውን መሸፈኛ ሐኪሙ ጨርሶ አነሳው። ጋሽ ቦጋለ በር ላይ ቆሞ «ስንት ጣት ነው?» እያለ ሲያስቸግራቸው ነበር።

ሱቁን ከፍቻለሁ። ልብስ ሰፊዎቹ ለፈተና ይመስል የማይሆን የማይሆን ጨርቅ ያመጡልኛል። አንዱ አረንጓዴ ነው ወይስ ሰማያዊ የማይባል ነገር ይዞ መጣ። ደጅ ወጥቼ በፀሐይ አየሁትና ክሩን ሰጠሁት፤ ከፍሎ ሄደ። ጌሟን ይዘው መሄድዎን ባህረዲን ነገረኝ። እህትዎን እንዳያስለምዱብን።

እትዬ፣ አንድ ነገር ልጻፍ። በግንቦት ቦሌ ላይ ስሜን ሲጠሩኝ ጥላዎን ነው ያቀፍኩት። ቤት ውስጥም ድምፅዎን ነበር የማውቀው። መጀመሪያ የግራ ዓይኔ የተፈታ ዕለት፣ ሐኪሙ «ወደ ታች እያየሽ ቀስ ብለሽ ክፈቺ» ሲለኝ፣ ያየሁት የመጀመሪያ ነገር ምን ነበር መሰለዎት? እግርዎ ነው። ጫማው ውስጥ አልገባ ብሎ ተረከዙን ረግጠውት ነበር የቆሙት። እስከ ጉልበትዎ አብጧል፤ ቆዳው እንደ ተወጠረ ፊኛ ያብረቀርቃል። ቀና ስል ደግሞ ፊትዎን አየሁ። ያን ያህል ከስተው እንደነበር ማንም አልነገረኝም።

ለዚህ ነው በግድ ሐኪም ቤት ያስወሰድኩዎት። የደም ግፊት እንዳለብዎት ሲነግሩን «እኔ እኮ አልታመምኩም፣ ገበያ መቆም ነው» ብለው ተከራከሩ። መድኃኒቱን ይዋጡ፣ እግርዎን ሰቅለው ይቀመጡ ሲሉዎት ነው እህትዎ ቤት ሄደው ይረፉ ያልኩት። ያንን ስል ደስ ብሎኝ አይደለም፤ ቤቱ ያለ እርስዎ ጭር ብሏል።

የላኩልኝን ደብዳቤዎች ትናንት አውጥቼ በራሴ ዓይን እንደ አዲስ አነበብኳቸው። ስለ በረዶው፣ ስለ አረሙ፣ ስለ ጋሽ ቦጋለ፣ ስለ እኔ ዓይን። የእኔን ዓይን ከዚህ ሆነው አይተዋል። ስለ እግርዎ አንድ ቃል የለም።

ማዳም ደውላ መቼ ትመለሻለሽ አለችኝ። «አክስቴ እንዳመማት እስክታምን ድረስ እቆያለሁ» አልኳት። «ረጅም ጊዜ ነው እንግዲያው» ብላ ሳቀች፤ ስልኩንም ሳትቆጣ ዘጋችው።

ሲመልሱልኝ እንዲያው እባክዎ «ደህና ነኝ» የሚለውን ይተዉት። እግርዎ ዛሬ ምን እንደሚመስል፣ ጫማው ገብቶልዎት እንደሆነ፣ ያንን ይጻፉልኝ።

ልጅዎ ሀስና